ወደ ኋላ የማትል መኪና

አዲስ አበባ፥ አራዳ
ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለሰላሀዲን ልጅ፥ ለተወደድሽው ለካሚላ፤ ሻርጃ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ አካልሽ ጤናማ፥ ሪዝቅሽ ሰፊ፥ ልብሽም የሰከነ ሆኖ ያግኝሽ። እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደኅና ነን። ልጄ ኡሙሰልማም ሰላምታዋን ታቀርብልሻለች፤ ማለትም፥ ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍ ብታውቅ ኖሮ ታቀርብ ነበር።

በስልክ የላክሽውን መልእክት አነበብሁት። በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ስለ ሆነ ደግሜ አነበብሁት። ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርሁ ሰው በሽምግልናዬ መልእክት እንደ እንቆቅልሽ ልፈታ አይገባኝም። ለወደፊቱ በወረቀት፥ በራሳችን ፊደል ጽፈሽ ለጎረቤታችን ለሸፊቃ ስጫት፤ ልብስ ልታመጣ ወደዚያ መመላለሷን ታውቂያለሽ። በስልክም አትደውዪልኝ። በስልክ የተባለ ነገር ነፋስ ይወስደዋል፤ የተጻፈ ግን ይጠየቁበታል።

የጠየቅሽኝ ትልቅ ጉዳይ ነውና በቅድሚያ ልመልስልሽ። አባትሽ አልፏል፤ ወንድምም ሆነ ቅርብ አጎት የለሽም፤ ስለዚህ ወሊይሽ ሆኜ ኒካሕሽን እንዳስር ለምነሻል። እሺ ብያለሁ። ኑሪን በአካል አላውቀውም። አባቱን ግን ፒያሳ ላይ ጨርቅ ሲሸጡ አውቃቸዋለሁ፤ ሜትራቸው ልክ ነበር። ሠርጉ ከረመዳን በኋላ፥ ሚያዝያ ፲፱ ቀን እንዲሆን በመረጣችሁትም ተስማምቻለሁ።

ነገር ግን ወሊይነቱን ተከትሎ የሚመጣ የቤታችን ደንብ አለ። ከዚህ ቤት የወጣች ሙሽራ ሁሉ የወጣችው በእኔ መኪና በዲኤክሷ፥ በእኔ ነጂነት ነው። እኅቴ ሀኒፋ እንዲህ ወጣች፤ ኡሙሰልማም እንዲህ ወጣች። እናቴ በሕይወት ሳለች የደነገገችው ሌላም ነገር አለ፤ ሙሽራ የጫነች መኪና በመንገድ ሞተሯ አይጠፋም፥ ወደ ኋላም አትልም። አንዲት ስንዝር እንኳ ብትንሸራተት ሴቶቹ እልልታቸውን አቋርጠው እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ ያ መተያየት ደግሞ ሙሽራዋን ዕድሜ ልኳን ይከተላታል። እኔ በዚህ አምናለሁ ወይም አላምንም አላልሁም። ደንብ ነው አልሁ።

አሁን ወደ ችግሬ ልምጣ። ባለፈው ክረምት ደረጃ አዳልጦኝ ቀኝ ትከሻዬ ተሰበረ። አጥንቱ ገጥሟል፤ ጉልበቱ ግን አልተመለሰም። ወደ ራሴ መሳብ እችላለሁ፤ ወደ ፊት መግፋት አልችልም። ማርሽ ስቀይር ወደ ኋላ የሚሳቡት ሁለተኛና አራተኛ ይገባሉ፤ ወደ ፊት የሚገፉት አንደኛና ሦስተኛ ግን አሻፈረን ይሉኛል። ልታስታምመኝ ወደ ቤት የተመለሰችው ኡሙሰልማ ይህን ካየች ወዲህ ቁልፉን በየጊዜው ቦታ እየለወጠች ትደብቃለች፤ እኔም በየጊዜው አገኘዋለሁ።

አንቺ የምትሠሪው የመኪና ዕቃ መሸጫ ውስጥ ነው። መካኒኬ መብራህቱ እንደ ነገረኝ ወጣቶች ከፋብሪካው የመጣውን የማርሽ ዘንግ አውጥተው በምትኩ አጭር ዘንግ ያስገባሉ፤ በእርሱ እጅ ጥቂት ብቻ ተንቀሳቅሶ ማርሹ ይገባል አሉ። ለእኔ የሚያስፈልገኝ ይኸው ነው። ለዲኤክስ የሚሆን አጭር ዘንግ ፈልገሽ ላኪልኝ። ስለ ትከሻዬ ግን ለማንም አትንገሪ።

አላህ የጀመርነውን ያስፈጽመን።

ሲራጅ የሲን


ሻርጃ
ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ ለጋሼ ሲራጅ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። አላህ ትከሻዎን ይጠግንልዎ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልን። ወሊይ ለመሆን እሺ ማለትዎን ሳነብ መጋዘን ውስጥ በጎማ መሐል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ባለሱቁ «ሰው ሞተብሽ?» ብሎ ሲደነግጥ «አይ፣ ሰው ተገኘልኝ» አልኩት።

ዘንጉ ይኸው በሸፊቃ ተልኳል። አዲስ ነው፤ አብሮት የሚገባው ትንሽ ፕላስቲክና ላስቲክም በካርቶኑ ውስጥ አለ። ባለሱቁ «ለዚያ አሮጌ መኪና ይህን የሚገዛ ምን ዓይነት ጎረምሳ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። «የማተሚያ ቤት ጡረተኛ ነው» ብለው አላመነኝም። ከመግጠምዎ በፊት አሮጌውን ዘንግ እንዳይጥሉት አደራ፤ እዚህ ብዙ ሰው ጥሎ ሲጸጸት አይቻለሁ።

ካርቶኑን ስጠቀልል አባቴ ትዝ አለኝ። ከትምህርት ቤት በታክሲው ሲያመጣኝ ከፊት ያስቀምጠኝ ነበር። «ካሚ፣ እኔ ስረግጥ አንቺ ትቀይሪያለሽ» ይለኛል። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ስንወጣ ፍሪሲዮኑን ረግጦ «ሁለተኛ በይ!» ሲለኝ በሁለት እጄ ተንጠልጥዬ እስበው ነበር። ተሳፋሪዎቹ «ሹፌሩ ማነው?» ይሉ ነበር። እሱም «እኔ ረዳት ነኝ» ይላቸዋል።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። መኪናውን የግድ እርስዎ ራስዎ መንዳት አለብዎ? ከልቤ ነው የምጠይቅዎ እንጂ ለመከራከር አይደለም። ስለ መኪናው ነገር የቀረውን ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ኡሙሰልማን ይሳሙልኝ። ልጅዎ ነኝ።

ካሚላ ሰላሀዲን


አዲስ አበባ፥ አራዳ
ጥር ፲፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለተወደድሽው ለካሚላ፤

የአላህ ሰላም ከደጃፍሽ አይለይ። የላክሽው ካርቶን በደኅና ደርሷል። ጽሑፍሽም ካለፈው መልእክትሽ እጅግ ተሻሽሏል፤ «ይኸው»ን በትክክል ስለ ጻፍሽ ሳላመሰግንሽ አላልፍም።

ለጥያቄሽ መልሴ፥ አዎን፥ የግድ ነው።

አሁን የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል ልንገርሽ። መብራህቱ በድልድዩ አጠገብ የነበረው ጋራዡ ለመንገድ ከተነሣ ወዲህ መሣሪያውን በጆንያ ተሸክሞ በየደንበኛው ቤት ይዞራል። ጥምቀት ባለፈ ማግሥት፥ ኡሙሰልማ ገበያ በወጣችበት ሰዓት፥ ግቢያችን መጣ። ንግግሩን እንዳለ እጽፍልሻለሁ፤ ሰዋስዉ የእርሱ ነው።

«ጋሼ ሲራጅ፥ ይሄ እኮ የውድድር መኪና ዕቃ ነው» አለ ካርቶኑን ከፍቶ። «እንደዚህ ፋራ መኪና ላይ ሲገባ ያሳዝናል።»

«መኪና ፋራ አይሆንም፤ ፋራ የሚሆነው ሰው ነው» አልሁት።

«እሺ ይቅርታ፥ ዲኤክሷ አራዳ ናት። ፋራው እኔ ነኝ።»

«በዚህ ከተስማማን ሥራህን ጀምር።»

መኪናዋን ከማርሽ አውጥቶ ጎማዋን በድንጋይ አስደገፈ። ከሁለቱ መቀመጫዎች መሐል ዘንጉን ያለበሰውን ላስቲክ ገፈፈና በሥሩ ያለውን ክዳን የያዙትን ብሎኖች ፈታ፤ አሮጌውን ዘንግ እንደ ጥርስ ነቀለው። በዘንጉ ጫፍ ድቡልቡል ብረት አለ፤ ያ ብረት የሚቀመጥባት የፕላስቲክ ኩባያ ተሰባብራ ከአሮጌ ግራሶ ጋር ወጣች። እኔ ጉድጓዱን በንጹሕ ጨርቅ ደፈንሁት፤ አንድ ብሎን ከገባበት መላውን ካምቢዮ፥ ማለትም የማርሹን ሳጥን፥ ማውረድ ነውና። መብራህቱ አዲሱን ኩባያ በግራሶ ቀብቶ አስቀመጠ፤ የላክሽውንም ዘንግ ተከለ፤ ክዳኑን አሰረ። ፈጽሞም እጁን ጠረገና፥

«ይግቡ፤ ሙሽራ ይመስል አይሽኮርመሙ» አለ።

ገባሁ። ፍሪሲዮኑን ረግጬ ወደ አንደኛ ገፋሁ። አልሄደም። እንደገና ገፋሁ፤ ትከሻዬ ጮኸ እንጂ ዘንጉ አልተነቃነቀም። ሁለተኛ እንኳ፥ ከዚህ ቀደም ሲሳብ የሚገባልኝ፥ ከብዶ ገባ። እጄ መሄድ ያለበት መንገድ እንደ ተባለው ግማሽ ሆኗል፤ ያ ግማሽ መንገድ ግን ግድግዳ ነው።

መብራህቱ እጁን በመስኮት አስገብቶ በሁለት ጣቱ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ወሰደው። «ምን ሆነ? ቅቤ እኮ ነው!»

«ለአንተ ቅቤ ነው፤ ለእኔ ዐለት ነው።»

ያን ጊዜ ዐይኔ ከግቢው ጥግ የተጋደመው ዲጂኖ ላይ ዐረፈ። ድንጋይ የሚፈነቅል ሰው ረጅሙን ዲጂኖ ያነሣል እንጂ አጭር ብረት አያነሣም። ዘንግ ባጠረ ቁጥር የእጅ መንገድ ያጥራል፤ የሚጠይቀው ጉልበት ግን ይበዛል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ መኪና ውስጥ ስገባ ግን ዕውቀቴን ከበሩ ውጭ ትቼ ገባሁ። ስሕተቱ ያንቺ አይደለም፤ «አጭር» ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ።

«እንመልሰው?» አለኝ መብራህቱ፥ አንገቱን ደፍቶ።

«አንመልሰውም። እናስረዝመዋለን።»

አሮጌውን ዘንግ አትጣል ያልሽው ምክር በጀን። ጫፉን ከነእጀታው አስቆርጠን ቶርኖ ቤት ወስደን ጥርስ እናስወጣለታለን፤ ባንቺ አዲስ ዘንግ ራስ ላይም እናስረዋለን። እጀታው ከፍ ብሎ ወደ መሪው ስለሚጠጋ ትከሻዬ ብዙ አይዘረጋም፤ ከላይ በኩል ስለሚረዝምም ይቀላል። ውጤቱን እጽፍልሻለሁ።

አንድ ጉዳይ ቀርቶኛል። ኡሙሰልማ ከሸፊቃ ጋር ስታወራ «የተከራዩት ትልቅ መኪና» የሚል ነገር ሰምቻለሁ። ከአንቺ ብዕር ግን ምንም አልሰማሁም። «የቀረውን ሌላ ጊዜ» ያልሽው ይህ ከሆነ፥ ሌላው ጊዜ ደርሷል።

አላህ ከሚያሳፍር ነገር ይጠብቅሽ።

ሲራጅ የሲን


አዲስ አበባ፥ አራዳ
የካቲት ፲፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለካሚላ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ረመዳን በሰላም ይግባልሽ። ሸፊቃ ሁለት ጊዜ ሄዳ ሁለት ጊዜ ባዶ እጇን ተመለሰች። «ደኅና ናት፤ ሥራ በዝቶባታል» አለችኝ፤ ዐይኗ ግን ግድግዳውን ያይ ነበር።

ዘንጉ ረዝሟል። መብራህቱ «የጀልባ መቅዘፊያ አስመሰልነው» ብሎ ይስቅበታል። ይሳቅ። በሜዳ ላይ አራቱም ማርሾች ይገቡልኛል፤ ሦስተኛ እንኳ ከመሰበሬ በፊት ከነበረው የለሰለሰ ነው። ከሱብሒ ሶላት በኋላ መንገዱ ሳይጨናነቅ ከሥላሴ ደጃፍ እስከ አራት ኪሎ እየሄድሁ እለማመዳለሁ።

የሚያስቸግረኝ ዳገቱ ብቻ ነው። ከቤታችን እስከ ኑሪ አባት ቤት ሩቅ አለመሆኑን ታውቂያለሽ፤ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ መውረድ፥ ከዚያም ወደ ፒያሳ መውጣት ነው። በመውጫው መሐል መኪና ካስቆመኝ፥ እንደገና ለመነሣት አንደኛ ያስፈልገኛል። ወገቤን አዙሬ በደረቴ ጭምር ስገፋው ደግሞ እግሬ ከፍሬኑ ይላላል። ባለፈው ሳምንት እዚያው ዳገት ላይ መኪናዋ ወደ ኋላ ብላብኝ ሞተሯም ጠፋ። ከኋላዬ የነበረው የሚኒባስ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ «አባባ፥ እዚህ ሊያድሩ ነው?» አለኝ። «መኪናህን አርቀህ ብትቆም ኖሮ ይህን ለመጠየቅ ባልተቸገርህ» አልሁት። ሳቀና መንገድ ለቀቀልኝ።

ዝም ማለትሽን አልወደድሁትም። ክፉም ቢሆን ጻፊው።

ሲራጅ የሲን


ሻርጃ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። አላህ ጾምዎን ይቀበልዎ፤ ዱዓዎም ለኛ ይድረሰን። መልስ ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ሸፊቃን እንደዚያ እንድትል ያዘዝኳት እኔ ነኝ፤ እሷን አይቆጧት።

አዎ፣ የተከራዩት መኪና አለ። የኑሪ ወንድሞች ገና በኅዳር ነው ከነሹፌሩ የተዋዋሉት። እኔም «እሺ» ብያለሁ፤ «ጋሼ ሲራጅ እምቢ ይላሉ» ማለት ሲገባኝ «ይስማማሉ» ብያለሁ። የቤቱን ደንብ የጻፉበት ደብዳቤ ሲደርሰኝ ቃሌን ሰጥቼ ነበር። ዘንጉን የላክኩልዎም መንዳቱ ሳይሆንልዎ ይቀራል ብዬ እያሰብኩ ነው። ይህን መጻፍ ነው ያቃተኝ።

ከዚያ ኡሙሰልማ ደወለችልኝ። ያን ቀን ዳገቱ ላይ መኪናዋ ስትንሸራተት እሷ ከድልድዩ ዳር ቆማ ታይ ነበር። እንደተከተለችዎ አያውቁም። ሚኒባሱ ጋር ሊደርሱ ክንድ ሲቀርዎ አይታለች። «ካሚላ፣ የእኔ ሠርግ ቀን አባዬ ሲነዳ ጀርባውን እያየሁ ነው የወጣሁት፤ ያ ጀርባ ሚኒባስ ላይ ሲሄድ ማየት አልፈልግም» ብላ አለቀሰች። ቁልፉን የምትደብቀው ንቃዎት አይደለም፤ ይህን እንዲያውቁልኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

በሌላ በኩል ደግሞ የኑሪ ታላቅ ወንድም የዳገቱን ወሬ ሰምቶ በስልክ «ሽማግሌው ሙሽራዋን በዳገት ሊያፈሷት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ስሰማ ደሜ ፈላ። «ሽማግሌው ወሊዬ ናቸው» አልኩት። ኑሪም ስልኩን ተቀብሎ «አንቺ ያልሽው ይሆናል» አለኝ። ስለዚህ አሁን ውሳኔው እኔ ዘንድ ነው፤ እኔም ወደ እርስዎ ይዤው መጥቻለሁ።

ጋሼ፣ ዳገቱ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ እግርና ክንድ። የእርስዎ እግር ደህና ነው። ከፊት ልቀመጥና እርስዎ ሲረግጡ እኔ ልቀይር። ያን ዳገት ከአባቴ ጋር ስንት ጊዜ ወጥቼዋለሁ። እጄ አልረሳውም።

እሺ ካሉኝ የተከራዩትን መኪና ከኋላ ይከተለን እላቸዋለሁ። እምቢ ካሉኝም ይጻፉልኝ፤ ዝም ግን አይበሉኝ። እኔ ዝም ብዬ አይቼዋለሁ፣ አይጠቅምም።

ልጅዎ ካሚላ


አዲስ አበባ፥ አራዳ
መጋቢት ፳፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለካሚላ፤

ዒድ ሙባረክ። አላህ ለከርሞውም ያድርሰን።

እውነቱን ስለ ጻፍሽ አመሰግንሻለሁ። ቀድመሽ ብትጽፊው ይበልጥ አመሰግንሽ ነበር። ኡሙሰልማን አልተቆጣኋትም። ከድልድዩ ዳር ቆማ እንዳየችኝ ማወቄንም አልነገርኋትም። ማታ ሾርባ ስታቀርብልኝ ግን እጇን ይዤ ጥቂት ቈየሁ፤ «ምነው አባዬ?» አለችኝ፤ «ጨው በዛ» አልኋት።

ስለ ሐሳብሽ፦ ሙሽራ ከኋላ ትቀመጣለች። ነጠላዋንና ሂናዋን ይዛ፥ በሴቶች መሐል። ከግራሶና ከማርሽ ጋር አትታገልም። የአባትሽ ታክሲ ሌላ ነው፤ የሠርግ መኪና ሌላ ነው። ይህን ደግመሽ እንዳትጽፊልኝ።

ይሁን እንጂ እኔም ዐይኔን ጨፍኜ የምሟገት ሰው አይደለሁም። ይህን ቃል እሰጥሻለሁ። ከሠርጉ በፊት ያን ዳገት፥ መሐሉ ላይ ቆሜ ተነሥቼ፥ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ካልወጣሁት፥ የማልችለውን ለሚችል ሰው በገዛ እጄ አስረክባለሁ። ማንም ሳይለምነኝ። ከወጣሁት ደግሞ አንቺ ከኋላ ትቀመጫለሽ፤ የተከራዩትም መኪና አቧራችንን ይከተላል።

በሰላም ግቢ። የመምጫሽን ቀን ለሸፊቃ ንገሪያት፤ መብራህቱ በሌላ መኪና ይቀበልሻል።

ሲራጅ የሲን


አዲስ አበባ፥ አራዳ
ግንቦት ፲፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለተወደዳችሁ ለካሚላና ለኑሪ፤ ሻርጃ።

ትዳራችሁን አላህ ጥላና ከለላ ያድርግላችሁ፤ ሁለታችሁም በአንድ ልብ አንብቡት። ኑሪ ሆይ፥ ከዚህ በታች ያለው በተለይ ለሚስትህ የተጻፈ ነው፤ ሆኖም አንተም ብታውቀው አልጠላም።

ካሚላ፥ በሠርጉ ጧት የመኪናዋን የፊት በር ከፍቼ ስቆም ምንም አልጠየቅሽኝም። ሸፊቃ «ጋሼ፥ ተሳስተዋል፤ የኋላው ነው» ስትል ሰምተሻል። እኔም «አልተሳሳትሁም» ማለቴን ሰምተሻል። ለምን እንደ ሆነ ግን አልነገርሁሽም፤ ያን ቀን የሚነገር አልነበረምና አሁን ልንገርሽ።

ዳገቱን ሁለት ጊዜ ወጣሁት። ሁለቱንም በሚገባ፥ ቆሜ ተነሥቼ ወጣሁት። ሦስተኛውን የሞከርሁት አንቺ ከመጣሽ በኋላ፥ ከሠርጉ ሁለት ቀን በፊት ነው፤ መብራህቱ ከጎኔ ነበር። መሐል ላይ ስቆም ትከሻዬ ተቈለፈ። ዘንጉ ከነርዝመቱ ከእጄ በታች ቆሞ ቀረ። መብራህቱ የእጅ ፍሬኑን ባይስበው ኖሮ መንሸራተታችን ነበር። ወጣቱ እንኳ አልቀለደም።

«ሁለቱ እኮ ደህና ነበሩ፤ ሰው አይቆጥርም ጋሼ» አለኝ።

«እኔ እቈጥራለሁ» አልሁት።

ቃሌ ቃል ነው። የማልችለውን ለሚችል ሰው አስረክባለሁ ብያለሁ። ያን ቀን መኪናዋን ለመብራህቱ ሰጥቼ ወደ ቤት በእግሬ ስመለስ የማልችለው ምን እንደ ሆነ ለራሴ ዘረዘርሁ። መሪው ይቻለኛል። ፍሬኑና ፍሪሲዮኑ ይቻሉኛል። መንገዱን አውቀዋለሁ። የማልችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘንጉን ወደ ፊት መግፋት። ታዲያ ለዚህች አንዲት ነገር መኪናዋን በሙሉ ለማላውቀው ሹፌር ማስረከብ፥ አንድ ቃል ተሳሳተ ብሎ መጽሐፉን እንደ ማቃጠል ነው። ዘንጉን የሚችል ሰው ደግሞ ነበረኝ። ዳገቱንም፥ ዘንጉንም፥ «እኔ ስረግጥ» የሚለውንም የሚያውቅ ሰው። ደንቡ ብቻ ነበር በመሐላችን የቆመው። ደንቡን የደነገገችው እናቴ ናት፤ እናቴ ያለችው ግን መኪናዋ ወደ ኋላ አትበል ነው። ሙሽራ ከኋላ ትቀመጥ ያልሁት እኔ ነኝ።

የኑሪ ወንድሞች በዚያ ትልቅ ነጭ መኪና በር ላይ ተደርድረው ሲጠብቁ ታላቁ «ጋሼ፥ ይህኛው ሰፊ ነው፤ ቀዝቃዛ አየርም አለው» ብሎኝ ነበር። «እንግዲያው አክስቶቻችሁን አስገቡበት፤ ሙቀት አይወዱም» አልሁት። አክስቶቹ ገቡ። ሰፊውን መኪና ከኋላችን እንደ ጎረምሳ አጃቢ ሲከተል በመስታወት አየሁት፤ ትንሽ ደስ ብሎኛል፥ አልክድም።

ከዚያ የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን ከእኔ ወንበር ያየሁትን ልጽፍልሽ እፈልጋለሁ። ድልድዩን አልፈን መውጣት ስንጀምር የትራፊክ ፖሊሱ እጁን አነሣ። ካሉት መንገዶች ሁሉ እዚያው፥ ዳገቱ መሐል፥ ቀድሞ መኪናዋ ወደ ኋላ ባለችብኝ ቦታ ላይ አቆመን። ከኋላችን ነጩ መኪና ተጠግቶ ቆመ። ከኋላ ወንበር ሸፊቃ እልልታዋን አቋረጠች። ኡሙሰልማ በመስታወቱ ትታየኝ ነበር፤ ዐይኗን ጨፍናለች፥ ከንፈሯም ይንቀሳቀሳል።

ፖሊሱ እጁን አወረደ። ፍሪሲዮኑን ረገጥሁ። «አንደኛ» ለማለት አፌን ስከፍት እጅሽ ቀድሞ እዚያ ነበር። ግራ እጅሽ፥ ሂናው ገና ጠቁሮ ያልጨረሰ፥ በአሮጌው እጀታ ላይ። ገፋሽው። ገባ። ድምፅ እንኳ አልነበረውም። እኔ ፍሪሲዮኑን በቀስታ ለቀቅሁት፤ መኪናዋ ጥቂት ተንቀጠቀጠች፥ ከዚያም ተነሣች። ወደ ኋላ አንዲት ጣት አላለችም።

«ሁለተኛ በይ» አልሁሽ። ሳብሽው።

ያን ጊዜ ያለቀስሽው ሙሽራ ስለ ሆንሽ እንደ ሆነ ሸፊቃ ተናግራለች። እኔ ግን ማንን እንዳስታወስሽ አውቃለሁ። ሰላሀዲን የአጎቴ ልጅ ነበር፤ አላህ ይማረው። በእኔ ወንበር የተቀመጠው እርሱ ቢሆን ኖሮ «እኔ ረዳት ነኝ» ይል ነበር። ያን ዕለት ረዳቱ እኔ ነበርሁ።

ከዚህ በኋላ የወሰንሁት ይህ ነው፤ በቃል እንዳይቀር እጽፈዋለሁ። ከዚህ ቤት የምትወጣ ሙሽራ ከእንግዲህ ከፊት ትቀመጣለች። ሞተር አይጠፋም፤ መኪናዋም ወደ ኋላ አትልም፤ እነዚህ እንደ ጸኑ ናቸው። ቁልፉ ኡሙሰልማ ዘንድ ነው፤ አትደብቀውም፥ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። እኔም ብቻዬን ወደ ዳገቱ አልሄድም። ስወጣ እርሷ ከፊት ትቀመጣለች። ዘንጉን ለመንካት መጀመሪያ ፈርታ ነበር፤ ትናንት ሁለተኛ ስላት አራተኛ አስገባችና መኪናዋ ድልድዩ ላይ ተንገዳገደች። ገሠጽኋት። እርሷም «እርስዎ እኮ ቀስ ብለው አይናገሩም» ብላ መለሰችልኝ፤ እውነቷን ነው።

መብራህቱ የዘንጉ መጋጠሚያ መላላቱን አይቶ ነገ ሊያጠብቀው ይመጣል። ሌላ ዕቃ አትላኪ፤ ያለው ይበቃናል። ከሠርጉ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፍሽልኝምና መልስ አታዘግዪ።

ለሁለታችሁም አላህ ዳገቱን ያቅልላችሁ። ልጨርስ፤ ኡሙሰልማ በር ላይ ቆማ «ፒያሳ እንውጣ?» ትለኛለች።

ሲራጅ የሲን